ልክ ነው እህቴ?

«አንዲት ገዢ አለች፣ መልኳን አታሳይም አሉ» አለች ፀጉር ሠሪዋ፣ የደንበኛዋን ፀጉር በፒያስትራ እየተኮሰች። «ታዛለች፣ ትቀበላለች፣ ከዚያ ፎቶ አንስታ በየግሩፑ ታዋርድሻለች አሉ። ጫማ የምትሸጠው ልጅ በሷ ምክንያት አይደል የኦንላይን መሸጫ ገጿን የዘጋችው?»

ይህን ወሬ ከጠዋት ጀምሮ ስትደጋግመው ነው። እሷና ልብስ ሰፊዋ አንዲቷን ክፍል በመጋረጃ ለሁለት ከፍለው ነው የተከራዩት፤ ወዲያ ፀጉር፣ ወዲህ ስፌት። የልብስ ሰፊዋ ዓይን ስልኳ ላይ ተተክሏል። የላከችው ቀሚስ ደርሷል፤ ከገዢዋ የመጣው መልእክት ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «ሰፊ ነው»።

የገዢዋ ፎቶ መኖር የነበረበት ቦታ ላይ ባዶ ክብ አለ።

«ምን አለችሽ?» መጋረጃው ተገለጠ።

«ሰፊ ነው።»

«ሰፊዋማ አንቺ ነሽ!» ፀጉር ሠሪዋ በራሷ ቀልድ ሳቀች።

ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። ሱቅ የላትም፤ ያላት ስልኳ ላይ ያለችው መሸጫ ገጽ ናት። ስሟ ከጠፋ ማሽኗን ሸጣ እንደ ጫማዋ ልጅ የሰው ሱቅ ልትጠርግ ነው። የተጻጻፉትን ወደ ላይ እየገፋች አነበበች። ቁጥሮቹ አሉ፦ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ። ከሥራቸው የራሷ ጥያቄ፦ «ልክ ነው እህቴ?» መልሱም፦ «ልክ ነው።»

ክው አለች።

የሰውነት ልክ ነው ወይስ ከሌላ ልብስ ላይ የተለካ ብላ መጠየቋ ነበር። የሰውነት ልክ ከሆነ ለመተንፈሻ ትርፍ ይጨመርበታል፤ ከልብስ ከተወሰደ ግን ትርፉ እዚያው ውስጥ አለ። እሷ ጨምራለች። ሴትዮዋ ደግሞ «ቁጥሩ ትክክል ነው?» የተባለች መስሏት «ልክ ነው» ብላ ዐርፋለች።

«ልክን ከልክ መለየት ካቃታት እኔ ምን ላድርጋት!» አለች ጮክ ብላ።

«ብሎክ አድርጊያት። ሳትቀድምሽ ቅደሚያት!»

ከስክሪኑ ግርጌ «በመጻፍ ላይ…» የሚል መጣ። ጠፋ። እንደገና መጣ፣ ጠፋ። ምን እየደገሰችላት ነው? ልብስ ሰፊዋ «በሰጠሽኝ ልክ ነው የሰፋሁት» ብላ ጻፈች። ያው መዘዘኛ ቃል፤ አጠፋችው። «ይቅርታ» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ይቅርታ በቀላሉ የሚወጣት ሴት አይደለችም።

«በመጻፍ ላይ…» ደግሞ ሲመጣ አላስቻላትም፤ ደወለች።

«ሄሎ?» ያለው የሽማግሌ ድምፅ ነው።

«ቀሚስ ያዘዘችዋን ሴትዮ ፈልጌ ነበር።»

«ሴትዮዋ እኔ ነኝ» አሉ ሰውየው። «እህቴ፣ እህቴ ስትይኝ፣ እስቲ የት ትደርሳለች ብዬ ዝም አልኩሽ።»

«ውይ አባባ፣ አፈር ልብላ!»

«ግድ የለም። ለባለቤቴ ነው፤ ነገ ልጃችንን ስንድር እንድትለብሰው። እንዳታውቅብኝ ቁም ሣጥን ውስጥ ካለው ቀሚሷ ላይ ለካሁት። አሁን መስታወት ፊት ቆማ ‹እኔን እንዲህ ነው የምታየኝ?› ትለኛለች።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጨንቆኝ ነው። ሻጭን ከተናገሩት ብሎክ አድርጎ ይዘጋል አሉኝ።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ መጋረጃው አየች። ከወዲያ በኩል ጆሮ ተጥሏል።

«አባባ» አለች፣ ሆን ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ጥፋቱ የኔ ነው። አጠያየቄ ነው ያሳሳተዎት። ቤትዎን ይንገሩኝ፤ አሁን መጥቼ እላያቸው ላይ አጠብበዋለሁ።»

መርፌ፣ ክር፣ መቀስ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፤ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ ወጣች።

ደረጃውን ጨርሳ መንገዱ ጋ ስትደርስ ፀጉር ሠሪዋ የራሷን ስልክ እንደያዘች በመስኮት ብቅ አለች።

«ስሚ! ያቺ መልኳን የማታሳየው ሴትዮ… የጫማዋ ልጅ ሁለቱንም የግራ እግር ጫማ ነው አሉ የላከችላት! ስትጠይቃት ብሎክ አድርጋ ዘጋቻት አሉ!»

ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላም አላየች።

«በስተቀኝ ነው ያሉኝ ቤት፣ አባባ» ትላለች በስልኩ፣ «ለሚገባ ሰው ነው ወይስ ለሚወጣ?»