የተሸነፈ ይነሳ

አስናቀው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ከሞጣ ቢቸና ሲገባ እናቱ ወይዘሮ ይርጋነሽ ቦርሳውን ተቀበሉትና ክብደቱ ሲሰማቸው ፊታቸው በራ። መድኃኒት መስሏቸው ነበር። ከፍተው ሲያዩ ግን አንድ ግራጫ ዕቃ፣ የተጠላለፈ ገመድና ሁለት ጆይስቲክ አገኙ።

"ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?" አሉ።

"ፕሌይስቴሽን ነው እማዬ። ድሮ መንግስቴ ቤት የምንጫወተው።"

እናትየው ቦርሳውን መልሰው ዘጉት። የሃያ ስምንት ዓመት ሰው፣ ያውም የፊዚክስ መምህር፣ ለታመመ ወንድሙ መጫወቻ ተሸክሞ ሲመጣ ምን ይባላል?

ታላቅ ወንድሙ ፋንታ ከሁለት ዓመት በፊት ባሕር ዳር በሚሠራ ፎቅ ላይ ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ። ቁስሉ ዳነ፣ አጥንቱ ገጠመ፣ ቃል ግን ከአፉ ጠፋ። ሐኪም ቤቱም ጸበሉም ተሞከረ። ሲያጎርሱት ይበላል፣ ሲያስቀምጡት ይቀመጣል፣ ሌላውን ቀን ሙሉ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። የመጨረሻው ሐኪም "ድሮ የሚወደውን ነገር አሳዩት" ብሎ አሰናብቷቸው ነበር። አስናቀው ይህን ቃል ይዞ የሞጣን ጥገና ቤቶች አንድ በአንድ ሲያስስ ወር ፈጀ። የሚመኘው ብዙ አልነበረም። ፋንታ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ስሙን ጠርቶ እንዲያናግረው ነው።

በ1995 የቢቸና ልጅ ከትምህርት ቤት ሲለቀቅ ቤቱ የሚገባው መንግስቴ ጌም ቤት ጎራ ብሎ ነበር። የእግር ኳሱ ሲዲ በየት ዞሮ እንደመጣ እንጃ፣ ጽሑፉ ሁሉ ጃፓንኛ ነው። ማንም አያነበውም፣ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። የቤቱም ሕግ አጭር ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ከወረፋው ጫፍ ሄዶ ይቆማል። በዚህ ሕግ ፋንታ ካሜሩንን ይዞ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሳይነሳ ይውል ነበር። አስናቀው ደግሞ የልጅነቱን እኩሌታ ያሳለፈው ቆሞ የወንድሙን ማጅራት ሲያይ ነው። ቢሆንም ያን ያህል የወደደው ነገር ከዚያ ወዲህ አላገኘም።

ገመዱን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቶ አንዱን ጆይስቲክ በፋንታ ጭን ላይ አኖረው። ስክሪኑ በራ፣ የጃፓኑ ጽሑፍ ተደረደረ። አስናቀው እዚያው ቀረ። የቱን እንደሚጫን ረስቶታል። አንዱን ሲነካ ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ሌላውን ሲነካ የማያውቀው ገጽ ይመጣል። ለተማሪዎቹ የብርሃንን ፍጥነት በቃሉ የሚነግር ሰው አንድ ጨዋታ ማስጀመር አቃተው።

ያን ጊዜ ስክሪኑ ላይ ምርጫው በራሱ ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ሁለት ወደ ታች፣ አንድ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ክቧ ቁልፍ። አስናቀው ዞር ሲል የፋንታ አውራ ጣት ነው። ካሜሩን ተመረጠች። አስናቀው ፈጥኖ ናይጄሪያን ያዘ።

ሦስት ለባዶ ተሸነፈ። የመጨረሻው ፊሽካ ሲነፋ ፋንታ አፉን ከፈተ።

"ተነስ" አለ።

ድምፁ ሻክሯል፣ ግን የራሱ የፋንታ ድምፅ ነው። ወይዘሮ ይርጋነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ወንድምዓለም፣ እኔ ነኝ። አወቅከኝ?" አለ አስናቀው።

"ተነስ። ሰው እየጠበቀ ነው።"

አስናቀው ተነሳ። ምን ያድርግ? ወጥቶ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆመና እንደ አዲስ ገብቶ ተቀመጠ። ተጫወቱ፣ ተሸነፈ፣ "ተነስ" ተባለ። ያን ዕለት ሰባት ጊዜ ወጣ፣ ሰባት ጊዜ ገባ። በየመሀሉ ስለ አባታቸው፣ ስለ መንግስቴ፣ ስለ ፋንታ የድሮ ጎሎች አወራ። ፋንታ ግን ያቺን ቃል ሲናገር እንኳ ወደ እሱ ዞር ብሎ አያይም።

እናትየው ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። ለጎረቤት ሁሉ ልጄ ተናገረ ብለው አዳረሱ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አስናቀው አንድ ነገር ትዝ አለው። ፋንታ ድሮ ሲያሸንፍ ዝምተኛ ነው። ሲሸነፍ ግን አያድርስ ነው፤ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል ይላል፣ ዳኛውን ይራገማል፣ "አስኔ ሌባው" እያለ በስሙ እየጠራ ይሟገተዋል። እንግዲህ ማሸነፍ አለበት።

"ላሸንፈው ነው" አላቸው ለእናቱ።

"ተወው ልጄ። ይቺም ቃል ትበቃናለች" አሉ።

አልሰማቸውም። ነገ ሰኞ ነው፣ ሞጣ ተማሪ ይጠብቀዋል። ጥርሱን ነክሶ ተጫወተና ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አንድ ጎል አገባ። አንድ ለባዶ። ጆይስቲኩን አስቀምጦ የወንድሙን አፍ አፍ ያይ ጀመር።

ፋንታ አልተሟገተም። ጆይስቲኩን ቀስ አድርጎ ወንበሩ ላይ አኖረ፣ ተነሳ፣ በሩ አጠገብ ሄዶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። በሁለት ዓመት ውስጥ ሰው ሳይደግፈው ሲነሳ የመጀመሪያው ነበር።

"ና ወንድምዓለም፣ ተራህ ነው።"

"ከፊቴ አራት ልጆች አሉ።"

አስናቀው ባዶውን ግድግዳ አየ። "ማንም የለም እኮ። ና ተቀመጥ።"

ፋንታ ካለበት አልተነቃነቀም። እግሩ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ወንበር አቀረቡለት፣ አልተቀመጠም። ወይዘሮ ይርጋነሽ ሲጨንቃቸው መጥተው ከአስናቀው ጎን ተቀመጡና ጆይስቲኩን ገልብጠው ያዙ።

"እንግዲያው አንዷ እኔ ልሁን። አጫውተኝ" አሉ።

አጫወታቸው። በአራቱ ልጆች ምትክ አራት ጊዜ አሸነፋቸው፤ እሳቸውም አራት ጊዜ ተነስተው በልጃቸው ፊት እያለፉ ተመልሰው ተቀመጡ። በአራተኛው ሁለቱም ወደ ፋንታ ዞሩ።

"አሁንስ ልጄ? ስንት ቀረ?" አሉ።

"አራት" አለ ፋንታ።

አስናቀው እንባው መጣ። ይህን ነገር ወደዚህ ቤት ያመጣበትን ቀን ረገመ። እጁን ሰዶ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። ካላየ ይረሳዋል፣ ተመልሶም ይቀመጣል ብሎ ነበር።

"መብራት ሄደ" አለ ፋንታ።

ቢቸና ውስጥ መብራት ሲሄድ ጌም ቤት ማንም ወረፋውን ጥሎ አይሄድም ነበር። የሄደ ቦታውን ያጣል። አንድ ሰዓትም ይሁን ሁለት ሰዓት፣ እስኪመጣ ተቁሞ ይጠበቃል። ፋንታ ትከሻውን ግድግዳው ላይ አመቻቸ።

እናትየው አስናቀውን አዩት፤ የሚያውቀው ነገር ያለ ይመስል። እሱ አንድ እጁን ማብሪያው ላይ፣ አንድ እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ ቀረ። ቢያበራው አራቱ ልጆች አሉ። ነቅሎ ወደ ሞጣ ቢወስደው ደግሞ ለፋንታ መብራት አይመጣለትም።