ሞተር የማይጠፋበት ባህል

ቅዳሜ፣ ፀሐይ ሳትወጣ፣ ከሴሮዌ ወደ ፓላፕዬ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጋኦላቴ መኪና ዳሽቦርድ ላይ የባትሪ ሥዕል ያለባት ትንሽ ቀይ መብራት በራች። ጉዳዩ ይኸው ነው። ጋኦላቴ አያት፤ ካያትም በኋላ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈና ፊቱን ወደ መንገዱ መለሰ።

ሠላሳ አንድ ዓመት የመንግሥት አውቶብስ ነድቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን መንገድ ላይ የቆመበት አንድም ቀን የለም፤ ቢያንስ እሱ ሲያወራው የለም።

ዝናብ ጀመረ። የመስታወቱ መጥረጊያዎች ወገቡን እንደታመመ ሽማግሌ ቀስ ብለው ተነሱ፣ ቀስ ብለውም ተኙ። የፊት መብራቱ ወደ ቢጫ አደላ፤ ነዳጅ ሲረግጥ ይፈካል፣ ሲለቅ ይፈዛል። ከኮፈኑ ሥር ዲናሞውን የሚያዞረው ቺንጋ ሲጢጥ አለ።

«የምን ሽታ ነው?» አለች ታላቅ እህቱ ኬሳኦባካ ከጎኑ።

«የዝናብ ነው፣ እታለም።»

«ጎማ ጎማ የሚሸት ዝናብ?» እጇን ወደ ሬዲዮው ዘረጋችና፣ «ሬዲዮውንስ ማን አጠፋው?»

«ራሷ ናት። ቁም ነገር ላይ እንዳለን ገብቷታል።»

ከኋላ የተቀመጡት ሁለት የአጎታቸው ልጆች በመስኮት ወደ ውጭ ማየት መረጡ።

ጋኦላቴ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዲናሞው ኃይል መስጠት አቁሟል፤ መኪናዋ አሁን ባትሪው ባጠራቀመው ብቻ ነው የምትሄደው። አንዴ ከጠፋች አትነሳም። ቆሞ ማሠራት ደግሞ አይቻልም። ለሟች እህታቸው ልጅ ለሌሴጎ ሚስት ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት፤ በባህሉ፣ ፀሐይ ከቀደመቻቸው ደጁ አይከፈትላቸውም። አምና በአውቶብስ ሄደው ከፌርማታው በእግራቸው ደጁ ሲደርሱ፣ የልጅቷ አጎት ሴቦኒ፣ «በእግሩ የመጣ ልጃችንን በእግሯ ይወስዳታል» ብሎ መልሷቸዋል። ሌሴጎ ያን ቃል ሰምቶ ሳምንት ሙሉ እህል አልቀመሰም። ሴቦኒ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም ይባላል፤ ግቢው ውስጥ በሸራ የተሸፈነች መኪና አለችው፣ ከክብሯ ብዛት ለፋሲካ እንኳ የማትገለጥ።

ፀሐይ ሳትቀድማቸው ከሴቦኒ ደጅ ደረሱ። ዝናቡ አባራ። ጋኦላቴ መኪናዋን ከበሩ ውጭ አቆመ፤ መብራቱን አጠፋ፣ ሞተሩን ግን አላጠፋም። ወንዶቹ ኮታቸውን እንደቆለፉ ዝቅተኛ ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ኬሳኦባካ ብርድ ልብሷን ትከሻዋ ላይ አጣፍታ እግሯን ዘርግታ ምንጣፍ ላይ ተቀመጠች። ሰላምታው ረዘመ። ከብቶቹ ደኅና ነበሩ፤ ዝናቡም ደኅና ነበር።

ሴቦኒ አንገቱን ወደ በሩ አዘነበለ። «ሞተሩን አላጠፋችሁም።»

«በእኛ ዘንድ» አለ ጋኦላቴ ረጋ ብሎ፣ «ጥያቄ ሳይመለስ ሞተር አይጠፋም። ለቤቱ ክብር ነው።»

«ይህን ባህል አልሰማሁም።»

«ከአያቶቻችን ነው የመጣ» አለች ኬሳኦባካ፣ ፊቷ ላይ አንድም ነገር ሳይነበብ።

«አያቶቻችሁ በሬ በሚስበው ጋሪ አልነበረም እንዴ የሚሄዱት?»

«በሬውንም አንፈታም ነበር።»

ሴቦኒ ጢሙን ዳሰሰ። ጋኦላቴ በእህቱ ኮራ፤ ደረቱ ከኮቱ ሊወጣ ምንም አልቀረውም። ጥያቄውን አቀረበ፦ ውኃ የምትቀዳልን ልጅ ፍለጋ መጣን አለ፣ አባቶቹ እንዳሉት፣ አንድም ቃል ሳያዛንፍ። ጆሮው ግን ከበሩ ውጭ ነበር። ሞተሩን አንዴ አነቀው። እንደገና አነቀው። ሴቦኒ ሊመልስ አፉን ከፈተ።

ሞተሩ ጠፋ።

ከጎረቤት አህያ ጮኸች።

«እንግዲህ» አለ ሴቦኒ፣ «በባህላችሁ መሠረት መልሻለሁ ማለት ነው። ምን ብዬ ይሆን?»

ከልጅቷ ወገን አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጋኦላቴ አንገቱ ጋለ። ሠላሳ አንድ ዓመት፤ አሁን ደግሞ በዚህ ደጅ። ቢሆንም ለሌሴጎ ሲል ኩራቱን ዋጠ። «ራ ሴቦኒ፣ ጌታዬ፣ የባትሪ ማገናኛ ካቦ ይዣለሁ። ከእርስዎ መኪና ባትሪ ጥቂት ብንዋስ …»

«እሷ አትነካም» አለ ሴቦኒ ፈጥኖ። «ዕረፍት ላይ ናት።»

በዚህ መሃል ነፋስ መጣ። ዝናቡን ተከትሎ የሚመጣው፣ ማንንም የማያማክረው ዓይነት ነፋስ ነው። የሸራውን ጫፍ ያዘ፣ አነሳው፣ ጣሪያው ላይ ገልብጦ ተወው። መኪናዋ በአራት ድንጋዮች ላይ ቆማለች። ኮፈን የላትም፤ ባትሪ ሊቀመጥበት በሚገባው ቦታ ሣር በቅሏል፤ የፊት መብራቱ ከነበረበት ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋ፣ የተቆጡ ዓይኖቿን እንግዶቹ ላይ ተክላለች።

ኬሳኦባካ መሬት መሬቱን አየች። ጋኦላቴ ኮፍያውን አወለቀና የኮፍያውን ውስጥ በጥሞና ይመረምር ጀመር።

ሴቦኒ ከወንበሩ ተነሳ። ዶሮዋን አየ፤ በሩን አየ፤ ከበሩ ውጭ ዝም ብላ የቆመችውን መኪና አየ። ከዚያ፣ በእንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ወንድ ፈጽሞ የማያደርገውን አደረገ፤ ኮቱን አወለቀ። አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አኖረና የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበ።

«በሩን በሰፊው ክፈቱት» አለ። «የአማቾቻችን መኪና ትግባ። ከኋላ ማን ይገፋል?»