የታችኛውን ሳይጠሩ

ሠርክአዲስ ስትቆጣ ዶሮዎቿ እንኳ ያውቁባታል፤ ቆጥ ላይ ወጥተው ዝም ይላሉ። በዚህ ሐምሌማ ከቆጥ የወረዱበትም ቀን የለ።

ቁጣዋ ያለምክንያት አልነበረም። ፍኖተ ሰላም ዳር፣ ተዳፋቱ ላይ፣ ከሟች ባሏ ጋር የሠሩት ጭቃ ቤት አላት። ከበላይዋ ይታገሱ አምና የብሎኬት ቤት ሠራና ግቢውን እንዳለ ሊሾ አደረገው፤ ለዓይን ማረፊያ የሚሆን ሣር አላስቀረም። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ይወርዳል፣ የግቢው ይጨመርበታል፣ ከዚያ ሁሉም በአጥሩ ሥር ባወጣት ቱቦ ዘሎ የሠርክአዲስን የጓሮ ግድግዳ ይደበድባል። ምርጊቱ ከተራገፈ ሰንብቷል። ማገሩ እንደ ከሳ በሬ ጎድን ወጥቷል። ከግድግዳው ወዲህ አልጋዋ ነው። ግድግዳው ከሄደ ቤቱም ይከተላል፤ ሌላ ቤት ደግሞ የላትም።

አንድ ጧት ነጠላዋን አገልድማ የይታገሱን በር ደበደበች።

«አቶ ይታገሱ! ቱቦዎን ያንሱልኝ!»

ይታገሱ ጃንጥላ ዘርግቶ ብቅ አለ። አንደበቱ ማር ነው፤ ሌላው ላይ ነው ችግሩ።

«ኧረ እትዬ፣ ይግቡ እንጂ! ውሃ እኮ የእግዜር ነው። ቁልቁል መሄድ ልማዱ ነው፤ ሽቅብ ሂድ ልበለው?»

«ውሃውስ የእግዜር ነው፤ ቱቦው የማን ነው?»

«ቀበሌ ቦይ እስኪያወጣልን ድረስ እኮ ነው…»

«ቀበሌማ ሄጄ ነበር። ‹ክረምቱ ይውጣና› አሉኝ። ክረምቱ ሲወጣማ በቤቴ ቦታ ጎመን እተክልበታለሁ!» ጣቷን ቀሰረችበት። «እኔን ያሳደገኝ የሰከላ ገበሬ ነው። ባገራችን ሰው ከማሳው ውሃ ማስወረጃ ፈሰስ ሲቀድ፣ አስቀድሞ የታችኛውን ጎረቤት ይጠራል። አብረው ድንበሩን ይረግጣሉ፣ ውሃው የሚሄድበትን ይስማማሉ። የታችኛውን ሳይጠራ ፈሰስ ያወጣን ሰው በሬው እንኳ ያፍርበታል። እርስዎ ማንን ጠሩ?»

«ይኼ ከተማ ነው እትዬ» አለና ጃንጥላውን አጥፎ ገባ።

ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ቱቦዋ እንደ ተፈታ ወይፈን ጮኸች፣ ከግድግዳው አንድ ጓል ወደቀ። ሠርክአዲስ የባሏን ዶማ ብድግ አደረገች። «ከተማ ነው አልኸኝ! ከተማህን አሳይሃለሁ!» እያለች፣ ‹እርስዎ›ውን በዝናብ አስወስዳ፣ ከቱቦው አፍ እስከ ታችኛው አጥር ድረስ እንደ አባቷ ሰያፍ አድርጋ ፈሰስ ቀደደች። ውሃው ከግድግዳው ዞረ። በጭቃ ተለስና ዶማዋን ተደግፋ ቆመች፤ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

እልልታ ሳይሆን ጩኸት መጣ፣ ከታች በኩል።

የታችኛዋ ጎረቤት፣ በርበሬ ነጋዴዋ ሁስና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ፣ በእጇ የራሰ በርበሬ ዘግና ገባች።

«ይኼን ይዩት እትዬ! ለፍልሰታ ማግሥት ያቆየሁት በርበሬ ሊዋኝብኝ ነው! ጧት በአቶ ይታገሱ በር ሲጮኹ ሰምቼ፣ ወላሂ፣ ‹አበጁ፣ ይንገሩልን› ብዬ ነበር። እኔንስ ማን ጠራኝ?»

ሠርክአዲስ መልስ አታጣም፤ ሰፈሩ ያውቃታል። አሁንም አፏን ስትከፍት መልስ መጣላት፦ ‹ቁልቁል መሄድ ልማዱ ነው።› የይታገሱ ቃል! ምላሷን ነከሰች። ፊቷ እንደ በርበሬው ቀላ። በዚያ ሰውዬ መናደዷ ሳያንስ አሁን በራሷም ተናደደች።

የፈሰሱን አፍ በጭቃ ደፈነችው። ውሃው ተመልሶ ግድግዳውን መታ።

«ምን መሆንዎ ነው? ቤቱ!» አለች ሁስና።

«ውሃው የኔም አይደለም፣ ያንቺም አይደለም። ወደ ባለቤቱ ይመለስ። ኬሻ አምጪ!»

ሁስና ሮጣ ያመጣችውን ኬሻ ጭቃ ሞሉት። ሁለቱ ሴቶች እየተሳደቡ፣ እየገፉ፣ ቱቦው አፍ ውስጥ ወተፉት። ስድቡ ሁሉ ወደ ላይ ነበር።

ብዙም አልቆየ። ይታገሱ ያለ ጃንጥላ፣ ያለ ጫማ፣ ሱሪውን ጠቅልሎ መጣ።

«ሳሎኔ! ሶፋዬ ተንሳፈፈ! ማነው ይኼን ያደረገ?»

«ምነውሳ አቶ ይታገሱ» አለች ሠርክአዲስ፣ «ሽቅብ ሂድ ብለውት ነው?»

መልስ ሊሰጥ አፉን ሲከፍት ግድግዳው ቀደመው። ሲጠጣ የከረመው ግድግዳ ከጥጉ ጀምሮ ተንሸራቶ ተዘረገፈ። አልጋዋ ከነጋቢዋ ዝናብ ላይ ወጣ። ሁስና እጇን አፏ ላይ ጫነች። ይታገሱ አልጋውን አየ፣ ቀና ብሎም ቱቦውን አየ።

«ድንበሩ… በየት በኩል ነው እትዬ?» አለ።

ሠርክአዲስ ዶማውን ደረቱ ላይ አስደገፈችው። ሦስቱም በዶፉ ውስጥ ድንበሩን እየረገጡ፣ አጥር ለአጥር ከታች እስካለው ወንዝ ወረዱ። ሁስና በመጋዘኗ ጎን ውሃው የሚያልፍበትን በእግሯ ምልክት አደረገች፣ ይታገሱ ቆፈረ። ማንም አላገዘው። ሲጨርስ ኬሻውን ከቱቦው ነቀለ፤ ውሃው በአዲሱ ፈሰስ ወረደ።

«ታረቅን አይደል እትዬ?» አለ እያለከለከ።

«ማን ታረቀ? ግድግዳዬን ማን ሊያቆመው ነው?»

«አቆማለሁ። ነገ ጫማዬን አድርጌ…»

«ጫማዎን አይፈልጉት» አለች፣ አልጋዋን ወደ ደረቁ ጥግ እየጎተተች። «የምርጊት ጭቃ የሚረገጠው በባዶ እግር ነው።»