በኪስ የሚውል ጓጉንቸር

የሱቃችን ጓጉንቸር ጥጉ ላይ የተጫረ ነበር። ሰኞ ማታ ልጄ ቡርሃን ሱቁን ሲዘጋ አጠገቡ ቆሜያለሁ፤ የዘጋበት ግን እንደ አዲስ ያበራል። ልብ ያልኩት ማክሰኞ ጠዋት፣ የጨርቁ መደርደሪያ ራቁቱን ቀርቶ ሳየው ነው።

ሁልጊዜ ክፉ ክፉው የሚታየኝ ሴት ነኝ። ባለቤቴ ዓብዱልመጂድ አምና የልጅ ልጁን ስም ሲረሳ፣ አለቀለት ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ የሚረሳውን እየቆጠርኩ ለቡርሃን አቀብል ነበር። ቡርሃን አብዝቶ የሚስቀው ግን በጓጉንቸሩ ነው። ሽማግሌው ሱቁን ከከፈተ በኋላ ጓጉንቸሩን ኪሱ ከትቶ ይውላል፤ ኮቱ ባንድ ጎን ተንጋዶ አምቦን ይዞራል።

«ጓጉንቸር ተሸክሞ የሚዞር ሰው ሱቅ ይጠብቃል?» አለኝ ቡርሃን። «ጭንቅላቱ አርጅቷል እማ፤ ቤት ይቀመጥ።»

ቁልፉን ከባለቤቴ ተቀብዬ ሰጠሁት። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው ልጄ ሰኞ ጓጉንቸሩን ከፍቶ በሩ ላይ አንጠልጥሎት ዋለ።

ማክሰኞ ጠዋት ዓብዱልመጂድ ሌቦቹ ጥለውት የሄዱትን ጓጉንቸር አገላብጦ አየ።

«የኛ አይደለም። ተከፍቶ ሲንጠለጠል የራሳቸውን ይተኩበታል። ማታ ጠቅ አድርገህ ትዘጋላቸዋለህ፤ በራሳቸው ቁልፍ ይከፍታሉ። ጊንጪ ስነግድ እንዲሁ አራቁተውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አለ ቡርሃን።

«መቼ ጠየቅኸኝ? ስትስቅ አይደል የከረምከው፣ ፋሩቅ።»

ፋሩቅ የቡርሃን ታናሽ ወንድም ነው። ቡርሃን ሊያርመው አፉን ከፍቶ ተወው።

«ማሎ፣ እባክህ ቡርሃን!» አለ ኦቦ ደቻሳ ከፊት ለፊት ሱቅ። «ሌባው ባለ ስንት ዲግሪ ነው?»

ልጄን ናቅሁት። ቆሞ ስልኩን ይነካካል። ራሴንም ናቅሁ፤ የሁለታችን ጭንቅላት ቢደመር ያንን የተንጋደደ ኪስ አይሞላም።

ማምሻውን ዓብዱልመጂድ የገዛነውን አዲስ ጓጉንቸር ፍለጋ ግራ ኪሱን ዳበሰ፤ ቀኙን፣ እንደገና ግራውን። ቡርሃን በረጅሙ ተነፈሰ።

«እኔ ልዝጋው፤ ቁልፉንም እኔው ልያዝ።»

«አንተ ዝም በል!» አልኩት። «ቁልፉ አባትህ ዘንድ ያድራል።»

ጓጉንቸሩ ከውስጥ ኪሱ ተገኘ። ዘጋና ጎተት አድርጎ አረጋገጠ። ሁለት እርምጃ ሄዶ ቆመ።

«በሩን ዘግቼዋለሁ?» አለኝ።

«እስቲ እንየው» አልኩት፤ አብሬው ተመልሼ ጎተትነው። ተቆልፏል። ይቺንም ቆጠርኳት፤ ለቡርሃን ግን አልነገርኩም።