አሥራ ሁለተኛው መስመር

ጄሉን፣ ዘረ መል የሚለይበትን እንደ እርጎ የረጋ ስስ ሰሌዳ፣ ሁልጊዜ ገልብጬ ነው ፎቶ የማነሳው። የማስተኛበት የመብራት ሣጥን መስታወት ጠርዙ ላይ ተሸርፏል፤ ጄሉ በደረቱ ካልተኛ እዚያ ጋ ይቀደዳል። ስለዚህ በፎቶው ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። ከእኔ ጋር የሠራ ሁሉ ይህን ያውቃል። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ ላይም በቀይ ጽፌዋለሁ፦ «ፎቶዎቼ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባሉ።»

የላቦራቶሪያችን ኃላፊ፣ ዶክተሩ፣ የመጀመሪያውን ገጽ አላነበበም።

አራት ዓመት የሠራሁት ሥራ ይህ ነው። በሴት ብልት ውስጥ የሚኖር እርሾ አለ። በብዙዎቹ ዘንድ እንደ ደህና ጎረቤት ነው፤ መኖሩም አይታወቅም። በአንዳንዶቹ ግን ይነሳል። ያሳክካል፣ ያቃጥላል፣ በመድኃኒት ሁለት ሳምንት ይተኛና ተመልሶ ይመጣል። እኔ የምፈልገው ይህን ክፋት የሚሰጡትን ዘረ መሎች ነበር። አንዱ እርሾውን እንደ ሙጫ ከሥጋ ጋር ያጣብቀዋል፣ አንዱ ሥጋውን የሚቆራርጥበትን መቀስ ይሰጠዋል፣ ሦስተኛው የሚበሳ መርዝ ያሠራዋል። ዘረ መሉ ካለ በጄሉ ላይ ነጭ ሰረዝ ያበራል፤ ከሌለ ቦታው ጨለማ ነው።

አሥራ አንድ ሴቶች፣ በጄሉ ላይ ለእያንዳንዷ ናሙና አንድ፣ አሥራ አንድ መስመር። አሥራ ሁለተኛው ላይ ንጹህ ውሃ አደርጋለሁ። ውሃው እጃችንን የሚታዘብ ምስክር ነው፤ እሱ ላይ ሰረዝ ከበራ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። የሰረዞቹ መጠን የሚነጻጸርበትን መለኪያ መሃል ላይ አስቀምጣለሁ፤ በግራና በቀኝ ስድስት ስድስት መስመር ይሆናል።

የመጀመሪያው መስመር እህቴ ናት።

ዶክተሩ ይህን አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ክሊኒኩ ውስጥ በሽተኛ ያያል፤ ናሙናዎቹም የመጡት ከዚያ ነው። እትዬ ሦስት ጊዜ ሄደችበት። ሦስቱንም ጊዜ ከወረቀቱ ቀና ሳይል «ምንም የለብሽም፤ ንጽሕናሽን ጠብቂ፣ ሐሳብም አታብዢ» አላት። ይህን ባሏ ሰማ። «ምንም ከሌለብሽ ታዲያ ከእኔ የምትሸሺው ምን ደብቀሽ ነው?» አላት። መጀመሪያ አልጋ ለየ፣ ከዚያ ሻንጣውን ይዞ እናቱ ቤት ገባ። እትዬ በቀን አራት ጊዜ መታጠብ ጀመረች። አንድ ቀን በሩን ሳላንኳኳ ብገባ ራሷን በሳሙና ስትፈገፍግ አገኘኋት፤ እንባዋና ውሃው አይለይም።

ዶክተሩ በጉባኤ ላይ ጥናት እንደሚያቀርብ ያወቅሁት ኮሪደር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ርዕሱ የእኔ ሥራ ነው፤ ከሥሩ ያለው ስም የእሱ ብቻ።

በጉባኤው ዋዜማ የኮምፒውተሩ ገመድ አልሠራ ብሎት ጠራኝ። ገመዱን ስሰካለት ፎቶዬ ስክሪኑ ላይ ሞልቶ ወጣ። ደብተሬ ውስጥ አትሜ ቁጥር የጻፍሁበትን ሳይሆን ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለውን ቁጥር አልባውን ነው የወሰደው፤ ከደብተሬም የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ ብቻ በስልኩ አንስቷል። ከሥሩ ከግራ ወደ ቀኝ ቁጥር ደርድሯል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... አሥራ ሁለት፣ ውሃ።

የእህቴ መስመር «ውሃ» ተብሏል። ውሃው ደግሞ እህቴ ሆኗል።

«አየሽ ይህችን?» አለኝ ጣቱን ባዶው መስመር ላይ አድርጎ። «ክሊኒክ እየተመላለሰች ጆሮዬን የምታደነቁር ሴትዮ ናት። ባዶ! ምንም የለብሽም አላልኳትም?»

ደስ ብሎት ነበር። ሰው የሚፈልገውን ሲያገኝ አይመረምርም፤ ዓይኑ ወደ ቀኙ ጫፍ እንኳ አልሄደም።

አፌን ከፈትሁ። እውነቱን ልናገር፦ ልነግረው ነበር።

«ዶክተር፣ ፎቶው...»

«ምን ሆነ ፎቶው?»

«ስሜ የለበትም።»

ሳቀ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ስሚ እስቲ፣ ዝምተኛዋ» አለ፤ ላቦራቶሪው ሁሉ የሚጠራኝ እንዲህ ነው። «ምግብ ሲጥምሽ ያበሰለውን ነው ወይስ ምድጃውን የምታመሰግኚው?»

«ያበሰለውን» አልሁ።

«ጎበዝ። በሩን ዝጊው ስትወጪ።»

ዘጋሁት።

ብርጭቆና ጠርሙስ የምታጥበው ሴትዮ መታጠቢያው ጋ ሆና ፊቴን አየችው። እሷ ከዶክተሩም ከእኔም በፊት እዚህ የነበረች ናት።

«ምን አደረገሽ ያ ሰውዬ?»

«ምንም።»

«ውይ! አንቺ ‹ምንም› ያልሽ ለት ነው እኔ የምፈራሽ።»

«ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?»

«ነቀዝም እኮ ዝም ብሎ ነው የሚበላው፤ ለእህሉ ነው የማዝነው እንግዲህ» ብላ በሳሙና እጇ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ።

ለእትዬ ደወልሁ። ውጤት ለታካሚ መንገር ለእኔ ክልክል ነው፤ ያን ቀን ግን ሁሉን ነገርኋት፦ ሦስቱም ሰረዞች እንዳበሩባት፣ ከአሥራ አንዱም የእሷን ያህል የደመቀ እንደሌለ።

«ውሸቴን አልነበረማ» አለች።

«አልነበረም፣ እትዬ። ነገ በሰው ፊት ያንቺ ነው ብል ግን...»

«ተናገሪ።»

«ሰው ያውቃል እኮ።»

«ያላወቀ ማን አለ? የባሌ እናት ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ተናገሪ አልኩሽ። ጮክ ብለሽ።»

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሰው ነበር። እኔ ጮክ ብዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ስብሰባ ላይ ስሜን ስጠየቅ እንኳ ድምፄ ይጠፋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ እጆቼን ጉልበቶቼ መሃል አጣብቄ ያዝኋቸው። ዶክተሩ ተናገረ፣ አስጨበጨበ። ባዶውን መስመር በቀይ ቀስት ጠቆመና «አንዳንድ ታካሚዎች ሕመሙን በሐሳባቸው ይፈጥሩታል» አለ። ሰው ሳቀ። ያ ሳቅ እጄን አነሳው።

ሰብሳቢዋ፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ ፕሮፌሰር፣ ድምፅ ማጉያው እንዲሰጠኝ አደረጉ።

«አሥራ ሁለተኛው መስመር ምንድን ነው?» አልሁ።

ዶክተሩ ማን እንደሆንሁ ለማየት ዓይኑን አጠበበ። ሲያውቀኝ ፈገግ አለ። «ንጹህ ውሃ ነው። ይህን እንኳ ታውቂዋለሽ ብዬ ነበር።»

«ውሃው ታዲያ ለምን ሦስቱም ዘረ መሎች አሉበት?»

ዞሮ ስክሪኑን አየ። አዳራሹም አየ። ሦስት ነጭ ሰረዞች፣ ከሁሉ የደመቁት፣ ከሥራቸው «ውሃ» የሚል ጽሑፍ።

ከኋላ አንዱ «እሱን ውሃ ማን ጠጥቶት ይሆን!» አለ። ሳቁ ከዳር ዳር ተቀጣጠለ። ዶክተሩ «ይህ... የቴክኒክ... ምናልባት ብክለት» እያለ ጠቋሚውን አንዴ ጫን፣ አንዴ ለቀቅ ያደርጋል። ቀይዋ ነጥብ ግድግዳው ላይ ትንቀጠቀጣለች። ልክ እንደዚያ እንድትንቀጠቀጥ ነበር የተመኘሁት፤ አላፍርም።

«ይህን ጄል የሠራው ማን ነው?» አሉ ፕሮፌሰሯ።

«እኔ» አልሁ። «ፎቶው የተገለበጠ ነው፤ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ከቀኝ ወደ ግራ ሲነበብ ውሃው ባዶ ነው። ውሃ የተባለችው ደግሞ እህቴ ናት። ዶክተር ሦስት ጊዜ ምንም የለብሽም ብለው የመለሷት።»

አሁን ማንም አልሳቀም። ፕሮፌሰሯ መነጽራቸውን አወለቁና ዶክተሩን «ይቀመጡ» አሉት። እኔን «ደብተሩን ይዘሽ ወደ መድረኩ ነይ፤ የሠራው ሰው ይንገረን» አሉኝ። ድምፄ እስከ መጨረሻው አልጠፋም።

ዶክተሩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። አንገቱ ድረስ ቀልቷል።

«ትናንት አይተሽዋል! ፊቴ ቆመሽ አይተሽዋል! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምድጃ ይናገራል እንዴ፣ ዶክተር?»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። እሱ ግን ምድጃውን አልረሳውም ነበር፤ ከመንገዴ ዞር አለ።

ከሰዓት ለእትዬ ደወልሁላት። እያንዳንዱን ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ፤ የቀይዋን ነጥብ ሦስት ጊዜ።

«በይ ፎቶውን አትሚልኝ» አለች። «ትልቅ አድርገሽ። ባሌ ያለበት እናቱ ቤት ድረስ ወስጄ ፊቱ ላይ እዘረጋለታለሁ።»

«እንዲመለስ ብለሽ ነው?»

«ኧረ ወዲያ! መልሼ እንዳባርረው ነው። መጀመሪያ የሄደው እሱ ነው፤ ያ ነው የሚቆጨኝ።»

ላቦራቶሪ ገብቼ ፎቶውን ከፈትሁ። ለእሷ ግን አቃንቼ አተምሁት፤ አንደኛው መስመር በስተግራ፣ ውሃው በስተቀኝ። ባሏም እንደ ዶክተሩ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚያነበው።