ነፋስ የተሸከመው ሬሳ

የዴክሲዮስ ሬሳ ተቃጥሎ አጥንቱ ከፍሙ ተለቅሞ በተቀበረ ማግስት፣ አዝማሪው ላምፖን ወደ ሟቹ አባት ግቢ ሲገባ ከበሩ ጥግ ድንጋይ ተከምሮ አየ። ለአጥር ሥራ የመጣ መስሎት ሊያልፈው ሲል ልብ አለ። ድንጋዮቹ ሁሉ በአንድ እጅ የሚወረወሩ ዓይነት ነበሩ።

ከመሠዊያው ሥር አንድ ወጣት የፊጥኝ ታስሮ ተቀምጧል። ላምፖን ወዲያው አወቀው። ሚኮን ነው፤ የሟቹ የልብ ጓደኛ። ሁለቱ በአንድ ገበታ በልተው ያደጉ፣ ጦርነትም ሲወጡ ጎን ለጎን የሚቆሙ ነበሩ።

«ምን አድርጎ ነው?» ሲል ዘበኛውን ጠየቀ።

«ጋሻውን ጥሎ መጣ። የጌታችን ልጅ ወንዙ ዳር ሲሞት እሱ ያለ ጋሻ፣ ያለ ጭረት ተመለሰ። የት ነበርክ ሲሉት አይናገር፣ ምን ሆነ ሲሉት አይናገር። ሬሳውንም ከሸምበቆው ጥግ ወድቆ አገኘነው፤ ማን እንዳመጣው እንጃ።» ዘበኛው ምራቁን ተፋ። «ዛሬ ግን ይለይለታል። አንተ ነህ የምትለይለት።»

ላምፖን ምን ማለት እንደሆነ ሳይጠይቅ አንዲት ገረድ መጥታ እጅጌውን ሳበችው። እመቤቲቱ ትፈልግሃለች አለችው።

የዴክሲዮስ እናት አርኪፔ በሽመና ክፍሏ ቆማ ጠበቀችው። ፀጉሯን ለሐዘን ከሥሩ ቆርጣዋለች።

«በሩን ዝጋው» አለችው። «ልጄን ያጠብኩት እኔ ነኝ። አንዲት ገረድ ብቻ ነው ያስገባሁት። ለምን እንደሆነ ታውቃለህ?» ጀርባዋን ሰጥታው፣ እጇን ወደ ኋላ አዙራ በትከሻዎቿ መሃል ነካች። «እዚህ ነው።»

ጀርባው ላይ የተወጋ ሰው ሲሸሽ እንደሞተ በዚያ አገር ሕፃን እንኳ ያውቃል።

«ቁስሉ በሚኮን ካባ ተጠቅልሎ ነበር» አለች አርኪፔ። «ካባውን የሸመንኩለት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ አይጠፋኝም። ጋሻውን የጣለው ልጄን ሊሸከም ነው። አሁን ይሄ ሞኝ፣ ጓደኛዬ ሸሸ ከምል ልሞት ብሎ አፉን ዘግቷል።»

«እና እመቤቴ፣ ለጌታው ለምን አይነግሯቸውም?»

«ባሌን ቲማንድሮስን አታውቀውማ! እውነቱን ቢሰማ ያን አጥንት ከመቃብሩ አውጥቶ ባሕር ይጥለዋል። ዛሬ ግብዣው ላይ የልጁን አሟሟት እንድትዘፍን ያዝሃል። አማልክት በአዝማሪ አፍ ያዩትን ይናገራሉ ብሎ ያምናል። ሚኮንን ከሃዲ ካልከው ይወግሩታል። ልጄን ፈሪ ካልከው አንተን ይወግሩሃል። እንግዲህ ብልሃቱን አንተ እወቅ።»

ላምፖን ወጣ። ጉሮሮዬን ላርጥብ ብሎ ከመሠዊያው አጠገብ ካለው ገንዳ ውኃ ቀዳና፣ እየጠጣ ወደ እስረኛው ጠጋ አለ።

«ሁሉን ሰምቻለሁ» አለው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«ከማን?»

«ካባህን ከሸመነችልህ።»

ሚኮን ዓይኑን ጨፈነ። «ሸሸ እንዳትል፣ አባቴ። እባክህ። አንድ ጊዜ ነው የፈራው፤ ያንን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።» እያፈረም ቀጠለ። «ደግሞ... ሸክሜን ዝፈንልኝ። ከወንዙ እስከ ሸምበቆው ድረስ ፍላጻ እየዘነበብኝ ተሸክሜዋለሁ። ቢገድሉኝ ይግደሉኝ፤ ይቺ ብቻ ትዘፈንልኝ።»

ላምፖን ተሸከመው ካለ፣ ከየት አነሣው፣ እንዴት ወደቀ፣ ፊቱስ ወዴት ነበር ተብሎ ይጠየቃል። ጣሳውን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስቀምጦ ወደ አዳራሹ ገባ።

አዳራሹ በጦረኞች ሞልቷል። የበሬ ጥብስ በየድርሻው ተቆርጦ፣ ወይኑ በውኃ ተበርዞ እየዞረ ነው። በራፉ ተከፍቶ ስለነበር ሚኮንም ዘበኞቹም ከውጭ ይታያሉ። ጌታው ቲማንድሮስ ከምሰሶው ሥር ተቀምጧል፤ ጦሩ ከጎኑ ተደግፏል። በቀኙ ያለው የወንድሙ ልጅ ጎርጊላስ ነው። ዴክሲዮስ ከሞተ ወዲህ ያ ቤት የማን እንደሚሆን ሁሉም ያውቃል፤ ከሁሉም በላይ ጎርጊላስ ያውቃል።

«የልጄን አሟሟት ዝፈን» አለ ቲማንድሮስ። «ማን ጥሎት እንደሄደም ስሙን ጥራ።»

ላምፖን ክራሩን ቃኘ። ደግሞ እንደገና ቃኘ።

«ምነው አዝማሪ» አለ ጎርጊላስ፣ «ጉሮሮህ ደረቀ ወይስ አምላኮችህ ዛሬ አረፈዱ?» አንዳንዶች ሳቁ።

እንደ ደንቡ የዜማን እንስት አምላክ ጠርቶ ጀመረ። ፈረስ ገሪው ቲማንድሮስ ብሎ አባትየውን አወደሰ፤ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ቆጠረ። ዴክሲዮስ ሲታጠቅ ዘፈነ፤ የእግሩን ብረት፣ የራሱን ቁር፣ የቁሩን የፈረስ ጭራ አንድ በአንድ። ሰዉ ዘፈኑ ይዞት ሄደ። ቲማንድሮስ ራሱን ይነቀንቃል። ዴክሲዮስ ወንዙ ዳር ደረሰ፤ አንድ ጠላት ጣለ፤ ሌላ ጣለ። ላምፖን ይህን እያስረዘመ፣ ዴክሲዮስ የሚወድቅባትን ቦታ እየሸሻት ነበር።

«አጎቴ፣ ይቅርታ» አለ ጎርጊላስ ድንገት ብድግ ብሎ። «ዘፈኑ ጥሩ ነው። ሴቶቹ ጓዳ የሚያንሾካሹኩት ግን ሌላ ነው። ቁስሉ የት እንደነበር ይዝፈንልን እስቲ።»

ክራሩ ቆመ።

«የት ነበር?» አለ ቲማንድሮስ። እጁ ወደ ጦሩ ሄደ። «አዝማሪ፣ የት ነበር?»

ላምፖን ከልጅነቱ የተማራቸው የጥንት ዘፈኖች በአንድ ጊዜ በራሱ ውስጥ አለፉ። በእነዚያ ዘፈኖች ጀግና በሰው ክንድ ብቻ ወድቆ አያውቅም፤ ሁልጊዜ የአንድ አምላክ እጅ አለበት። እስከዛሬ ለማሳመር የሚጨምረው ነገር ነበር። አሁን ግን ከሱ በቀር የሚይዘው ነገር አጣ።

«ከጀርባው ነበር» አለ በጠራ ድምፅ፤ ጉምጉምታው ሳይነሣም ክራሩን መታ።

*ጦሩን እንደያዘ ፊቱን እንዳኮራ፣*
*ከኋላው ድምፅ ሰማ እናቱ ስትጣራ።*

ለጠላት የሚያደላ አንድ አምላክ ነው ብሎ ዘፈነ፤ ፊት ለፊት የሚችለው ሰው ቢያጣ የእናቱን ድምፅ ለብሶ ጠራው። ልጅ ነውና እናቱን ሊያይ ዞረ። ጦሩ ያኔ አገኘው። በሚኮን ዓይን ላይ ያው አምላክ ጭጋግ አፈሰሰ፣ ጋሻውንም ከክንዱ ነጠቀው። ሬሳው ግን በጠላት እጅ እንዳይዋረድ፣

*ሰሜን ነፋስ ወርዶ በክንፉ አቀፈው፣*
*ከሸምበቆው ጥግ ላይ በቀስታ አሳረፈው።*

ይህን ሲል ላምፖን ሳያስበው ወደ በራፉ አየ። ሚኮን ቀና ብሎ ነበር፤ በጥፊ የተመታ ሰው ይመስላል።

ቲማንድሮስ ጦሩን ጨብጦ ተነሣ። «የእናቱ ድምፅ? አምላክ የእሷን ድምፅ ከየት ያውቃል?»

«ከእኔ ሰምቶ ነዋ።»

ሁሉም ዞረ። አርኪፔ ሴት በማትገባበት የወንዶች ግብዣ መሃል ቆማለች።

«በዚያን ቀን ከሰገነቱ ላይ ሆኜ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጠርቼዋለሁ» አለች። «ልቤ ነግሮኝ ነው የጠራሁት። ልጄ እናቴ ብሎ ዞረ። ይሄ ነውር ከሆነ ድንጋዩን አምጡት፤ ለእኔ ነው።»

ጎርጊላስ አፉን ሊከፍት ሲል አጎቱ ዞር ብሎ ሳያየው በእጁ ዝም አሰኘው፤ ጎርጊላስም ተቀመጠ። የቲማንድሮስ ጦር ከእጁ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንኳኳ። ሽማግሌው ምሰሶውን አቅፎ፣ ልጁ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

«ፍቱት» አለ በመጨረሻ። «ያን ልጅ ፍቱት።»

አርኪፔ በእውነት ጠርታው እንደሆነ ላምፖን አላወቀም። አልጠየቃትምም።

በማግስቱ ጠዋት ወደብ ሲወርድ ሚኮን እሱ ከሚሳፈርባት ጀልባ አጠገብ ቆሞ አገኘው። የገመዱ ሰንበር እጁ ላይ አብጧል።

«ከትከሻዬ አውርደህ ለነፋስ ሰጠኸው» አለው።

«ይገድሉህ ነበር።»

«አውቃለሁ።» ሚኮን ባሕሩን አየ። «ከባድ ነበር እኮ። ሬሳ እንዴት እንደሚከብድ ነፋስ ምን ያውቃል? ሌላ አገር ስትዘፍነውስ ሸክሜን አትመልስልኝም? እዚያ ማን ያውቀኛል?»

«ነጋዴ ወሬ ይዞ ይመለሳል፣ ልጄ። ጎርጊላስ ደግሞ ጆሮው ረጅም ነው።»

«እሺ» አለ ሚኮን። ከዚያ ትከሻውን ጀልባዋ ላይ አድርጎ ገፋት፤ ብቻውን፣ መርከበኞቹ ሳያግዙት፣ ውኃው ደረቱ እስኪደርስ።

ላምፖን በሚቀጥለው ደሴት ያንኑ ዘፈን ዘፈነ። ነፋሱ ጋ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፤ ሰዉ ግን ሐዘን መስሎት አብሮት አለቀሰ። ሲጨርስ አንድ ሸክላ ሠሪ ወይን አቀበለውና ጠየቀው።

«ያ ጋሻውን የተነጠቀው ጓደኛውስ? ምን ሆነ?»

«በሕይወት አለ» አለ ላምፖን።

«ጥሩ፣ ጥሩ» አለ ሰውየው። «በል አሁን የነፋሷን ድገምልን።»