የበረዶ ሽምግልና

“ተነሺና ጉልበታቸውን ሳሚ፤ ነገሩ እዚሁ ይለቅ” አሉ ጋሽ ዓንደሚካኤል።

ሰገን አልተነሳችም። ጥርሷን ነክሳ ፊቷ የተቀመጠውን የፖም ወይን ብርጭቆ ታያለች። ከጠረጴዛው ማዶ ጋሽ መልከጼዴቅ ግራ ክንዳቸውን በጥቁር ማንጠልጠያ ከአንገታቸው አስረው ተቀምጠዋል። ሽማግሌው ጋሽ ዓንደሚካኤል ገና “ተነሺ” ከማለታቸው እሳቸው ወንበራቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጉልበታቸውን ለመሳም አመቻችተዋል። ደሟን ይበልጥ ያፈላው ይሄ የተመቻቸ ጉልበት ነው። ሰው ይቅርታ ሲጠየቅ ለወጉ እንኳ ትንሽ አይግደረደርም?

ቀኑ እሑድ ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ። ፍራንክፈርት፣ ሳክሰንሃውሰን ሰፈር ካሉት የፖም ወይን ቤቶች በአንዱ፣ በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል፣ የኢትዮጵያውያኑ የበረዶ ስፖርት ማኅበር ተሰብስቧል። ስሙ ትልቅ ይሁን እንጂ ሥራው አንድ ነው፤ በረዶ በጣለ ቁጥር ቅዳሜ ቅዳሜ አውቶቡስ ተከራይቶ አባላቱን ወደ ዛወርላንድ ተራሮች ይዞ መሄድ። ያቋቋሙት በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ አገር ቤት መንግሥት ሲገለባበጥ በዚያው የቀሩ ሰዎች ናቸው። ዛሬ ሁሉም ጡረተኞች ሆነዋል። ጋሽ መልከጼዴቅ የድልድይ መሐንዲስ ነበሩ። ሊቀ መንበሯ እትዬ የወርቅውሃ ፋርማሲ ነበራቸው። ሁሉም የሚወርዱት በስኪ ነው፤ በየእግራቸው አንዳንድ ቀጭን ጣውላ አስረው፣ ሁለት ዘንግ ጨብጠው፣ ፎቶ ሊነሳ እንደቆመ ሰው ቀጥ ብለው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ እነ ሰገን መጡ። ጥገኝነት ጠይቀው የገቡ፣ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭኑ፣ ቢሮ የሚያጸዱ፣ አረጋውያን የሚያነሱና የሚያስተኙ ልጆች ናቸው። እነሱ የያዙት ስኖውቦርድ ነው፤ ሁለቱን እግር በአንድ ሰፊ ጣውላ ላይ አስሮ በጎን መውረድ። ጣውላው ከአሮጌ ዕቃ ገበያ በርካሽ ይገኛል፣ ጫማው እግር አያሠቃይም፣ ሲወድቁም ያስቃል። ሰገን ኦስትኤንድ ሰፈር በሚገኝ የአረጋውያን መጦሪያ ሳምንቱን ሙሉ አጎንብሳ ትውላለች። ቅዳሜ ተራራው አናት ላይ ቀና ስትል ግን ያ የወገብ ሕመም የሌላ ሰው ይመስላታል። መኪና የላትም፤ ማኅበሩ ባይኖር እዚያ የምትደርስበት ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ታላላቆቹ ነገሩን ከመጀመሪያው አልወደዱትም። ስኖውቦርድ በረዶውን እየፋቀ መሬቱን ያራቁታል፣ ልጆቹ መውረጃው መሀል ቁጭ ብለው ያወራሉ፣ ጀርባቸውን በሰጡበት በኩል ማን እንደሚመጣ አያዩም አሉ። እውነት አላቸው። ልጆቹም የሚሉት አያጡም፤ ባለ ስኪዎቹ እንደ ተተኮሰ ጥይት ይወርዳሉ፣ ደስ ባላቸው ቦታ ቆመው ወሬ ይይዛሉ፣ ሰው ሲወድቅ ዘንግ እየነቀነቁ ይገሥጻሉ። ይሄም እውነት ነው። እንዲህ እየተጎረባበጡም ቢሆን በአንድ አውቶቡስ ሄደው በአንድ ተራራ ወርደው በሰላም ይመለሱ ነበር፣ ያ አደጋ እስኪደርስ ድረስ።

ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ሰገን አንዲት ጉብታ አልፋ ቁልቁል ስትታጠፍ፣ ጋሽ መልከጼዴቅ ከጉብታው ሥር ቆመዋል። ልጃቸውን ሕሊናን እየጠበቁ ነበር። ከላይ የሚመጣ ሰው እዚያ ቦታ የቆመን የሚያየው አናቱ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ሰገን ጣውላዋን አገደመች፣ ወደቀች፣ ተንሸራታም እግራቸውን ጠረገችው። ሰውየው በትከሻቸው ወደቁና አጥንታቸው ተሰበረ። እሷ ጣውላው እግሯ ላይ እንደታሰረ፣ በጉልበቷ እየዳኸች ሄዳ እጃቸውን ያዘች። “ጋሼ፣ ይማሩኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ ነው” አለች፤ ያየውም ያላየውም ሰማ።

ሌላ ምን ልትል ትችላለች? ታላቅ ሰው ወድቆ ሲያቃስት “ለመሆኑ የት ነበር የቆሙት?” ብሎ የሚጠይቅ ልጅ፣ እናቱ በጊዜው አልቆነጠጠችውም ማለት ነው። የወጉ አካሄድ ይታወቃል። ታናሽ ጥፋቱን ይወስዳል፤ ታላቅ ደግሞ “ኧረ ተይ ልጄ፣ የኔም አለበት” ይላል፤ ነገሩም ይካፈልና ይቀላል። ሰገን የራሷን ድርሻ ተናግራ የእሳቸውን ጠበቀች። የእሳቸው አልመጣም። ብርቱካንና ሙዝ ይዛ ሁለት ጊዜ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ጠየቀቻቸው። ሁለቱንም ጊዜ ፍሬውን ተቀብለው “እግዜር ይማርሽ” አሏት። ለሰውም ሁሉ “ዳር ይዤ፣ ገላጣ ቦታ ላይ ቆሜ ነው መጥታ የገጨችኝ” ብለው አወሩ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አውቶቡሱ ፍራንክፈርት ሳይገባ “ራሷ አምናለች” ተባለ። በማግስቱ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ ስኖውቦርድ ያለ ሰው ጣውላ ሳይሆን ጎራዴ ያነሳ መሰለ። ከዚያ የማኅበሩ ሐሳብ መጣ፤ ባለ ስኪና ባለ ስኖውቦርድ ከእንግዲህ በአንድ ተራራ አይውሉ፤ አውቶቡሱ የባለ ስኪ ይሁን፤ ልጆቹ ሌላ ተራራ ይፈልጉ። ጋሽ ዓንደሚካኤል ናቸው “ቆይ፣ መጀመሪያ በሽምግልና እንየው” ያሉት። ያመጡትም መፍትሔ ይሄው ነው። ሰገን በሰው ፊት ጥፋቷን አምና ጉልበት ከሳመች ልጆቹ አውቶቡሱ ላይ ይቆያሉ። እምቢ ካለች ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ አይሄዱም።

“ጋሽ ዓንደሚካኤል” አለች ሰገን በመጨረሻ፣ “እኔ ያን ቀን ጥፋቱ የኔ ነው ያልኩት አዝኜላቸው ነው። ለወጉ ነው።”

“እኮ፣ እኛስ ያንኑ ድገሚው አይደል የምንልሽ?”

“ያን ጊዜ ወግ ነበር። አሁን ማስረጃ አደረጋችሁት።”

“የምን ማስረጃ ነው የምታወራው?” አሉ ጋሽ መልከጼዴቅ፣ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ ሽማግሌው ዞረው። “ማስረጃው ይኸው፣ ትከሻዬ ነው። እኔ ድሮም ተናግሬያለሁ። ስኪ ስፖርት ነው፤ ሥርዓት አለው፣ ይማሩታል። ያ ጣውላ ግን የሰፈር ጨዋታ ነው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ነው፤ ፈረንጅ አደረገው ብለው ዘለው ወጡበት።”

“ስኪውንስ እርስዎ ከአገር ቤት ነው ይዘውት የመጡት?” አለ ጆሲ፣ ቀስ ብሎ፣ ግን ሁሉም እስኪሰማው።

ከልጆቹ ወገን ሳቅ አመለጠ። እትዬ የወርቅውሃ ጠረጴዛውን በማንኪያ መቱ። ጆሲ ኤርፖርት ሻንጣ የሚጭን፣ ሰገንን ስኖውቦርድ ያስተማረ ልጅ ነው። ሳቁ ሲበርድ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

“ሰጊ፣ በቃ በያቸውና እንገላገል። ሁለት ቃል ናት።”

“ሦስት ናት፤ ‘ጥፋቱ የኔ ነው’። ሦስቱም ውሸት ናቸው።”

“ይሁና። ቅዳሜ የት ልንሄድ ነው ታዲያ? አንቺ እዚህ ስትኮሪ አውቶቡሱ ያለ እኛ ይሄዳል። ይሄ ሁሉ ልጅ ባንቺ ምክንያት ሊቀር ነው።”

ከጋሽ መልከጼዴቅ ጉልበት ይልቅ ይሄ አንገበገባት። “እኚህ ሰውዬ እዚያ ጉብታ ሥር እየቆሙ አንድ ቀን ጉድ ይሠሩናል” ብሎ አምና ሲሥቅ የነበረው ይሄው ጆሲ ነው። አሁን እውነቱን ቅዳሜ አውቶቡስ ላይ ለሚቀመጥበት ወንበር እየሸጠው ነው። የሸጠውም የራሱን ሳይሆን የሷን ስም ነው።

ብድግ አለች። ክፍሉ ትስማለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ከወንበሯ ጀርባ ጃኬቷን አንሥታ ለበሰች።

“ጋሼ፣ ስለ ትከሻዎ አዝኛለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ እግዜር ያውቃል። ግን ዳር ይዘው አልነበረም የቆሙት። ጉብታው ሥር ነበሩ። በስኪም ብመጣ እገጭዎት ነበር። ተራራውን ለሁለት ብትካፈሉት፣ እዚያ የሚቆም ሰው እስካለ ድረስ የሚገጨው አያጣም። ለመሆኑ ተራራው ርስታችሁ ነው እንዴ፣ ለማን እንደሚፈቀድ የምታከፋፍሉት?”

“አፍሽን ሰብስቢ” አለ አንድ ድምፅ ከወዲያ።

“ልጄ” አሉ ጋሽ ዓንደሚካኤል፣ “እኚህ ሰው እኮ አባትሽ ይሆናሉ።”

“አባቴም ቢሆን እዚያ አይቁም።”

ጋሽ መልከጼዴቅ ፊታቸው ደም ለበሰ። በደህናው እጃቸው ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሡ። ሰውየው በአደባባይ በሴት ልጅ፣ ያውም በትናንት ስደተኛ፣ ተሰድበው አያውቁም። ንዴት ደግሞ ሚስጥር አይጠብቅም።

“እኔን ነው የት እንደምቆም የምታስተምረው? ሠላሳ ዓመት ሙሉ እዚያው ጉብታ ሥር ነው ሰው የምጠብቀው። ነፋስ አያገኘኝም፣ ምቹ ነው። ይሄ ጣጣችሁ ሳይመጣ አንድም ሰው ገጭቶኝ አያውቅም።”

ከፊት ለፊቱ አዳራሽ የጀርመኖች ሣቅና የብርጭቆ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ጋሽ መልከጼዴቅ የተናገሩትን ዘግይተው ሰሙት።

“መልኬ” አሉ እትዬ የወርቅውሃ፣ መነጽራቸውን አውልቀው። “ዳር ይዤ ነበር አላልከንም?”

“ዳር ማለት እንግዲህ…”

“ጉብታው ሥርማ መሀል ነው። ገና አምና እኔ ራሴ በስኪዬ እዚያው ቦታ ላይ ለጥቂት አይደል የሳትኩህ? አትቁም ብዬ ለምኜህ አልነበረም? እኔ እኮ ባንተ ቃል ነው እነዚህን ልጆች ላስወጣ የነበረው።”

“የወርቅውሃ፣ አሁን እንግዲህ አንቺም…”

“ፓፓ፣ ራይሽት” አለች ሕሊና። በቃ ማለቷ ነው። እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። ስብሰባው ከተጀመረ ጀምሮ አንገቷን ደፍታ ስልኳን ስትነካካ የቆየች ሲሆን አሁን ቀና ብላ አባቷን ታያቸዋለች። እሳቸው ግን አላዩዋትም።

ጋሽ ዓንደሚካኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሽማግሌ እውነት በድንገት ሲወጣበት እንደሚያደርገው፣ ነገሩን ቶሎ ብለው ለሁለት ገመሱት።

“በቃ፣ በቃ። ዕርቅ ደም ያድርቅ። ጥፋት መቼም ካንድ ወገን ብቻ አይሆንም። አውቶቡሱ የሁሉም ነው፤ ተራራውም የሁሉም ነው፤ ስኪም ስኖውቦርድም አብሮ ይሄዳል። ተስማምተናል?”

“ተስማምተናል” አሉ እትዬ የወርቅውሃ። ከወዲያም ከወዲህም ራስ ተነቀነቀ።

“እንግዲህ ሁለታችሁም ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ሰገን፣ ታናሽ ነሽ፤ አንቺ ጀምሪ።”

ክፍሉ በእፎይታ ተንጫጫ። ካፖርት መልበስ ተጀመረ። ጆሲ እንደ አሸናፊ ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት፤ ቅዳሜ ተገኝታለች፤ የቀረው ማጎንበስ ብቻ ነው። ጋሽ መልከጼዴቅም ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው እንደ ቆሙ፣ እግራቸውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አራመዱ። አሁንም ጉልበቱ ቀድሞ መጣ።

ሰገን ንዴቷ ይበርዳል ብላ ጠብቃ ነበር። አልበረደም። የፈለጉት ሁሉ ተገኝቷል፤ አውቶቡሱ አለ፣ ተራራው አለ፣ እውነቱም በሰውየው በራሳቸው አፍ ወጥቷል። ሆኖም መጀመሪያ የምትሰበረው አሁንም እሷ ናት። ከዚህ በኋላ እሳቸው ምን ቢሉ፣ ሰው ይዞት የሚሄደው እሷ ማጎንበሷን ነው። ባለፈውም የሄደው እንደዚያ ነው።

“እኔ ተራዬን ጨርሻለሁ” አለች።

“ምን አልሽ?” አሉ ጋሽ ዓንደሚካኤል።

“እዚያው በረዶው ላይ ተንበርክኬ ብያለሁ። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶ ሲያወራው ከርሟል። አሁን ተራው የእሳቸው ነው።”

“እናቴ፣ ታላቅ ሰው ቀድሞ ይቅርታ ሲል የት አይተሻል?”

“ቀድመው አይደለም፤ ሁለተኛ ናቸው።”

ጋሽ ዓንደሚካኤል ወደ ጋሽ መልከጼዴቅ ዞሩ። ጋሽ መልከጼዴቅ ወደ በሩ አዩ። በሩ ጋ ሕሊና የአባቷን ካፖርት በክንዷ ይዛ ቆማለች። አላቀበለቻቸውም።

“ሰጊ፣ ዲንስት አለሽ እኮ፣ ሥራ ትገቢያለሽ፤ ትራሙ ያመልጥሻል” አለ ጆሲ፣ እየለመነ።

ሰገን ስልኳን አወጣችና መጦሪያው ውስጥ ለምትሠራው ጓደኛዋ ደወለች። “ሰብለወንጌል፣ ዛሬ እዘገያለሁ። እስክመጣ ያዢልኝ፤ በሌላ ቀን እክስሻለሁ” አለችና ዘጋች። ከዚያ ጃኬቷን አውልቃ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው። ወንበሩን ስባ፣ ከቆሙት ከጋሽ መልከጼዴቅ ፊት ለፊት፣ ተቀመጠች።